የደም ካልቸር ውጤት ከመርፌው ይጀምራል

ከላቦራቶሪ በመጣ ወረቀት ላይ «ባክቴሪያ አላደገም» የሚል ውጤት ሰፍሯል እንበል። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ልትናገር ትችላለች። አንደኛው፣ በታማሚው ደም ውስጥ ባክቴሪያ የለም፤ ትኩሳቱ የመጣው ከቫይረስ፣ ከወባ ወይም ከሌላ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ባክቴሪያው አለ፤ የተቀዳው ደም ጥቂት ስለነበረ ግን አንዱም ጠርሙሱ ውስጥ ሳይገባ ቀርቷል። ሦስተኛው፣ ባክቴሪያው ጠርሙሱ ውስጥ ገብቷል፤ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት የተሰጠው መድኃኒት ግን እንዳያድግ አድርጎታል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ካመነ መድኃኒቱን ያቆማል፤ ከቀሩት አንዱን ከጠረጠረ ሕክምናውን ይቀጥላል። ወረቀቱ ግን በሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ባክቴሪያ አድጓል» የሚለው ውጤትም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም፤ ያደገው በሽታውን ያመጣው ነው ወይስ መርፌው ከቆዳ ላይ ይዞት የገባው የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። እነዚህን ጥያቄዎች ማይክሮስኮፕም ሆነ ዘመናዊ ማሽን ብቻውን አይፈታቸውም። መልሱ የሚገኘው ደሙ በተቀዳባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ምን ያህል ተቀዳ፣ ከየት ተቀዳ፣ ቆዳው እንዴት ጸዳ፣ መድኃኒት ቀድሞ ነበር ወይ፣ ጠርሙሱስ ላቦራቶሪ እስኪደርስ የት ቆየ? የናሙናው ታሪክ አብሮት ያልመጣ የካልቸር ውጤት ግማሽ ውጤት ነው። ካልቸርን ማሻሻል የሚፈልግ ጤና ተቋምም ከማሽኑ በፊት መርፌውን ወደሚይዘው እጅ ማየት አለበት።

በጤነኛ ሰው ደም ሥር የሚዘዋወረው ደም ከባክቴሪያ የጸዳ ነው። ጥርስ ሲቦረሽ ወይም ቁስል ሲነካ የሚገቡ ጥቂት ባክቴሪያዎችን ጉበት፣ ጣፊያና ነጭ የደም ሴሎች በአጭር ጊዜ ያጸዷቸዋል። ሳንባን፣ ኩላሊትን፣ አንጀትን ወይም የልብ ቫልቭን የያዘ ኢንፌክሽን ከሰውነት አቅም በላይ ሲሆን ግን ባክቴሪያው ደም ውስጥ ይቆያል። ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከመጠን አልፎ የራሱን አካላት ወደ መጉዳት ሲደርስ ሴፕሲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በ2017 ብቻ ወደ 49 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሴፕሲስ ተይዘዋል፤ 11 ሚሊዮን ያህሉም ሞተዋል። የደም ካልቸር ይህን በሽታ ያመጣው የትኛው ጀርም እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ደሙ ምግብ ያለበት ፈሳሽ ወደያዘ ጠርሙስ ይገባል፤ ጠርሙሱ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሚሞቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣል። ባክቴሪያው ሲራባ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽኑ በየጥቂት ደቂቃው ይለካል፤ ማሽን በሌለበት ደግሞ ባለሙያው ፈሳሹ መደፍረሱን፣ ደሙ መፍረሱን ወይም አረፋ መታየቱን በዓይኑ ይከታተላል። እድገት ሲታይ ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባስተዋወቀው የማቅለሚያ ዘዴ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከዚያም በሳህን ላይ እንዲያድግ ተደርጎ የጀርሙ ማንነትና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይለያል። ይህ ሁሉ ሥራ ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሕያው ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ መግባት አለበት።

ከባዱ ነገርም ይኸው ነው። በጠና በታመመ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ እንኳ የባክቴሪያው ብዛት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 ያነሰ ነው፤ በብዙዎቹም ከአንድ በታች ይወርዳል። ከአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ ጥቂት ጠጠሮች መኖራቸውን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ብቻ ዘግኖ ያየ ሰው «ጠጠር የለውም» ሊል ይችላል፤ ጤፉ ንጹሕ ሆኖ ግን አይደለም፣ ጭብጡ አንሶ ነው። ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። በየ5 ሚሊ ሊትሩ ደም ውስጥ በአማካይ አንድ ባክቴሪያ አለ እንበል። 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተቀዳ በናሙናው ውስጥ ምንም ባክቴሪያ ያለመኖር ዕድሉ 55 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም ሳንቲም አሽከርክሮ ከመገመት አይሻልም። 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን ወደ 14 በመቶ ይወርዳል፤ 20 ሲሆን ደግሞ ከ2 በመቶ በታች። በሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ፤ በአዋቂዎች ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊ ሊትር ባክቴሪያውን የማግኘት ዕድልን በ3 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም እንዲገባ፣ ከአንድ ቦታ ሁለት ጠርሙስ እንዲሞላና ይህም ከተለያየ የደም ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲደረግ ይመከራል። ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱ ኦክስጅን ለሚፈልጉ፣ ሌላው ኦክስጅን ለማይፈልጉ ባክቴሪያዎች የተዘጋጀ ነው። ከአንድ ቦታ ብቻ የሚቀዳ ደም ከአራት ኢንፌክሽኖች አንዱን ያህል ሊስት እንደሚችል፣ ሁለተኛው ሲጨመር ግን ዘጠና በመቶ ገደማው እንደሚያዝ ጥናቶች አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ በደከመ ሰው ላይ ይህን ሁሉ ደም መቅዳት አይጎዳውም ወይ? ቅሬታው ከርኅራኄ የመጣ ስለሆነ በቁጥር መመለስ አለበት። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ለሁለት ዙር ካልቸር የሚቀዳው 40 ሚሊ ሊትር ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በፈቃዱ ደም የሚለግስ ሰው በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ጋር ሲነጻጸርም አንድ አሥረኛው አይደርስም። በርኅራኄ ተነሣስቶ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚቀዳ ባለሙያ ታማሚውን ለመርፌ ሕመም ዳርጎ የማይታመን መልስ ይሰጠዋል። ሕፃናት ላይ ግን ቅሬታው እውነት ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በጠቅላላው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ብቻ ስላለው የሚቀዳው በክብደቱ ይወሰናል፤ ለጨቅላ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር በሕፃናት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከመጠን በላይ መሙላትም የራሱ ጉዳት አለው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደሙ ከ5 እስከ 10 እጥፍ እንዲበልጥ የሚፈለገው በደሙ ውስጥ ያሉ ተከላካይ ፕሮቲኖችና የመድኃኒት ቅሪቶች እንዲሳሱ ነው። በጣም የሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽኑን አሳስቶ ባክቴሪያ በሌለበት «አድጓል» ሊያሰኘው ይችላል። ጠርሙሱ አየር ተመጥጦ የወጣለት በመሆኑ ካልተጠበቀ ከሚገባው በላይ ደም ይስባል። ስለዚህ የሚፈለገው መጠን ከመቀዳቱ በፊት ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

መጠኑ ሲስተካከል ሁለተኛው ጠላት ይመጣል፤ ብክለት። የሰው ቆዳ መቼም ቢሆን ከባክቴሪያ ነጻ አይሆንም። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስን የመሳሰሉ ነዋሪዎች በላይኛው የቆዳ ሽፋን ብቻ ሳይሆን በፀጉር ሥርና በላብ ዕጢ ውስጥም ይኖራሉ። መርፌው አንድ ሁለቱን ይዞ ከገባ፣ ምግብና ሙቀት ያለበት ጠርሙስ በአንድ ቀን ውስጥ በሚሊዮኖች ያበዛቸዋል። ላቦራቶሪው የሚያየው እውነተኛ እድገት ነው፤ ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ባለሙያውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው። ሳያስፈልገው እንደ ቫንኮማይሲን ያለ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት በደም ሥር ይሰጠዋል፤ የሆስፒታል ቆይታው ይረዝማል፤ ትክክለኛው የትኩሳቱ ምክንያትም ሳይፈለግ ይቀራል። ለዚህ ነው ብክለት ከሚወሰዱ ካልቸሮች 3 በመቶ እንዳይበልጥ ለረዥም ጊዜ ሲመከር የቆየው፤ አዳዲስ መመሪያዎች ደግሞ 1 በመቶን ግብ አድርገዋል። ከተለያየ ቦታ ሁለት ጊዜ መቅዳትም እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ያው የቆዳ ባክቴሪያ ከግራም ከቀኝም ክንድ በተቀዳው ደም ላይ ካደገ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል፤ ከአራት ጠርሙሶች በአንዱ ብቻ ካደገ ግን ብክለት መሆኑ ያመዝናል። አንድ ቦታ ብቻ የተወጋ ታማሚ ይህን ማመዛዘኛ ያጣል። እንደ ሳልሞኔላ፣ ክሌብሲየላ ወይም ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያሉት ግን በአንድ ጠርሙስ ብቻ ቢያድጉም በቀላሉ አይታለፉም።

ብክለትን የሚቀንሱት ነገሮች ረቂቅ አይደሉም፤ ከባድ የሚያደርጋቸው በጥድፊያ ጊዜ ሳይዘለሉ መፈጸማቸው ነው። ክሎርሄክሲዲን ከአልኮል ጋር የተቀላቀለበት ማጽጃ ቆዳው ላይ ከተቀባ በኋላ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል መድረቅ አለበት፤ አዮዲን ደግሞ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ማጽጃው ቆዳውን ነክቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሳይደርቅ በጥጥ መጥረግ ሥራውን ማቋረጥ ነው። ቆዳው ከጸዳ በኋላ የደም ሥሩን ለመፈለግ በጣት መንካት የጸዳውን ቦታ መልሶ ያቆሽሸዋል፤ የግድ ካስፈለገ በንጽሕና በተጠበቀ ጓንት መሆን አለበት። የጠርሙሱ የጎማ ክዳን ሽፋኑ ሲነሣ ንጹሕ ቢመስልም ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳል። ቀድሞ ለግሉኮስ ከገባ ቱቦ ደም መቅዳት መርፌ ያድናል፤ ነገር ግን ቱቦው ላይ የሰፈረውን ባክቴሪያ ከደሙ ጋር ያመጣል። ስለዚህ ቱቦው ራሱ የኢንፌክሽኑ ምንጭ መሆኑ ካልተጠረጠረ በቀር ደሙ ከአዲስ ቦታ ይቀዳል። ለሌሎች ምርመራዎችም ደም የሚወሰድ ከሆነ የካልቸር ጠርሙሱ ይቀድማል፤ የሌሎቹ ብልቃጦች አፍ ከጀርም የጸዳ ስለመሆኑ ዋስትና የለም።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው፤ ክርክሩ የሚከርረውም እዚህ ላይ ነው። ደሙ አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት መቀዳት አለበት ሲባል ብዙ ሐኪሞች በቂ ምክንያት ያለው ተቃውሞ ያነሣሉ፤ ሴፕሲስ ያለበት ሰው በየሰዓቱ ወደ ሞት እየቀረበ ጠርሙስ ፍለጋ መሮጥ ተገቢ ነው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የሁለቱንም ወገን ክብደት ያሳያል። በጠና የታመሙ ሰዎች ደም ከመድኃኒቱ በፊትም፣ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላም ተቀዳ። ከመድኃኒቱ በፊት ከተቀዳው 31.4 በመቶው ባክቴሪያ ሲያሳይ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ የተቀዳው ወደ 19.4 በመቶ ወረደ። አንድ የመድኃኒት መጠን ብቻ በዚያች አጭር ጊዜ ከሦስት መልሶች አንዱን አጠፋ ማለት ነው። መፍትሔው ግን አንዱን ለሌላው መሠዋት አይደለም። ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያዎች ደም መቅዳቱ መድኃኒቱን ከ45 ደቂቃ በላይ የማያዘገይ ከሆነ ይቀደም ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀድማል። ጠርሙሱ፣ ማጽጃውና መርፌው በድንገተኛ ክፍል በአንድ ሳጥን ውስጥ ተዘጋጅተው ከተቀመጡ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። በአገራችን ደግሞ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ የተለመደ ስለሆነ ጥያቄው ሆስፒታል ከመድረስ በፊት ይጀምራል። ታማሚው ቤቱ ሳለ አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስዶ እንደሆነ ተጠይቆ በማዘዣው ላይ ካልተጻፈ፣ «አላደገም» የሚለውን ውጤት በትክክል ማንበብ የሚችል ሰው አይኖርም።

ከጊዜ ጋር የተያያዘ አንድ ልማድም መፈተሽ አለበት፤ ትኩሳቱ ከፍ እስኪል ወይም ታማሚው እስኪንቀጠቀጥ ጠብቆ ደም መቅዳት። ሐሳቡ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ትኩሳት ሲያይል ባክቴሪያው በዝቷል ማለት ነውና። የሰውነት አሠራር ግን ሌላ ይላል። ባክቴሪያው ደም ውስጥ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ እነዚህም አንጎል ላይ ደርሰው ሙቀት እስኪጨምር አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያልፋል። ብርድ ብርድ ሲል ባክቴሪያው ብዙውን ጊዜ መቀነስ ጀምሯል። ጥናቶችም ደሙ ትኩሳቱ ጫፍ ላይ ሲደርስም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ሲቀዳ በውጤቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጥርጣሬው በተነሣበት ሰዓት መቅዳት፣ መጠኑንም መሙላት ከመጠበቅ ይበልጣል። የተቀዳው ጠርሙስ ደግሞ እንደ ሌላ ናሙና ማቀዝቀዣ ውስጥ አይገባም፤ እንደ ማጅራት ገትር አምጪው ሜኒንጎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች ብርድ አይችሉም። በክፍል ሙቀት ተይዞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ቢደርስ መልካም ነው። በቆላ አካባቢ ሙቀቱ ከፍ ሲል ሌላ ችግር አለ፤ ባክቴሪያው ወደ ማሽኑ ሳይገባ መንገድ ላይ ተራብቶ ከጨረሰ ማሽኑ የሚጠብቀውን የእድገት ለውጥ ላያይ ይችላል። ስለዚህ ማታ ተቀድቶ እስኪነጋ መስኮት ላይ የሚያድር ጠርሙስ በቆላም በደጋም ኪሳራ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ጣት ወግቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ የሚሰጥ ምርመራ እያለ? የሚል ተቃውሞ በኢትዮጵያ ሁኔታ ትርጉም አለው። «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» መባል ያልደረሰበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ይህን ፍርድ በብዛት የሚሰጡት የዊዳልና የዌይል ፊሊክስ ምርመራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1896፣ ሁለተኛው በ1916 የተዋወቁ። ሁለቱም ባክቴሪያውን ራሱን አያዩም፤ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያዩት። ይህ አካል ከቀድሞ በሽታ፣ ከክትባት ወይም ከሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ ሊመጣ ስለሚችል ታይፎይድ በበዛበት አገር አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል የዛሬውን ትኩሳት ምክንያት አያረጋግጥም። ፈጣንና ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተሳሳተ ፈጣን መልስ የሚያስከትለው የመድኃኒት ወጪ ከምርመራው ዋጋ ይበልጣል። ካልቸርም ቢሆን በታይፎይድ ላይ ፍጹም አይደለም። በታይፎይድ ታማሚ ደም ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ገደማ ባክቴሪያ ብቻ ስለሚገኝ ካልቸር ከአሥር ታማሚዎች ስድስት ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ደሙ ሲያንስ ይህም ይቀንሳል። ጉድለቱ ግን አስቀድሞ የተነሣውን ያጠናክረዋል፤ ባክቴሪያው ጥቂት በሆነበት በሽታ ላይ የሚቀዳው ደም መጠን ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ካልቸር ዘገምተኛ ነው፣ ከተወሰዱትም አብዛኞቹ ባዶ ሆነው ይመለሳሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ የመጨረሻው መልስ ቀናት ይወስዳል፣ ጠርሙሱም እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሆኖም ከሚያድጉት ውስጥ አብዛኞቹ በ48 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ፤ የመጀመሪያው የግራም ውጤትም ሐኪሙ በግምት የጀመረውን መድኃኒት ለማስተካከል ይበቃል። በአግባቡ ከተቀዳ ደም የመጣ ባዶ ውጤትም ሥራ አለው፤ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተመዛዝኖ የማያስፈልግ አንቲባዮቲክን ለማቆም ድፍረት ይሰጣል። የጀርሙን ዘረ መል የሚያነቡ ፈጣን ምርመራዎች ካልቸርን ይተካሉ የሚለው ተስፋም ገደብ አለው። እነሱም ቢሆኑ ናሙናው ውስጥ የሌለውን ማንበብ አይችሉም፤ የሞተን ባክቴሪያ ከሕያው ለመለየት ይቸገራሉ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም የሚናገሩት ከሚያውቋቸው ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው። ካልቸር ሕያውን ጀርም በእጅ ስለሚሰጥ መድኃኒቱ ፊት ለፊት ይሞከርበታል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት አገሮች በጨቅላ ሕፃናት ሴፕሲስ ላይ የተካሄደው ባርናርድስ የተባለው ጥናት ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ዋናው ጀርም እንደሆነና ብዙዎቹ ግራም ነጌቲቭ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዘዙትን አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን እንደተላመዱ ያሳየው ከጨቅላዎች ደም ባደጉ ባክቴሪያዎች ነው። የነገው ጨቅላ የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጠው የሚወስነው መረጃ ዛሬ በትክክል ከተሞሉ ትንንሽ ጠርሙሶች ይሰበሰባል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ማሽኑ፣ ጠርሙሱና ጥገናው ውድ ናቸው፣ መብራትም ይቋረጣል። ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ጠርሙሱ ውድ መሆኑ ደሙን በጥንቃቄ ለመቅዳት ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ 3 ሚሊ ሊትር የገባበት ወይም በቆዳ ባክቴሪያ የተበከለ ጠርሙስ በትክክል ከተሞላው እኩል ዋጋ ወጥቶበታል። ከላይ የተዘረዘሩት ማስተካከያዎች አብዛኞቹ ከአልኮል፣ ከእስክሪብቶና ከጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት በላይ አይጠይቁም። ለጤና ተቋማት ሁለት ቁጥሮችን በየወሩና በየክፍሉ መለካት በቂ መነሻ ነው። አንዱ ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ደም መጠን ነው፤ የአንድ ሚሊ ሊትር ደም ክብደት ከአንድ ግራም በትንሹ ስለሚበልጥ ጠርሙሱን ከመሞላቱ በፊትና በኋላ በሚዛን መመዘን መልሱን ይሰጣል። ሌላው ከመቶው ካልቸር ስንቱ ተበከለ የሚለው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ለነርሶችና ለሐኪሞች ተመልሰው ከደረሱ ደም የሚቀዳው እጅ የሥራውን ውጤት ማየት ይጀምራል። በማዘዣውና በውጤት ወረቀቱ ላይ ደግሞ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ቦታ፣ የገባው መጠንና ታማሚው ቀድሞ የወሰደው መድኃኒት ይጻፉ። ያኔ «ባክቴሪያ አላደገም» የሚል ወረቀት የደረሰው ሐኪም ከሦስቱ ትርጉሞች የትኛውን እንደሚያምን የሚያመዛዝንበት መረጃ በእጁ ይኖረዋል፤ ታማሚውም ለተወጋበት መርፌ የሚመጥን መልስ ያገኛል።